አረንጓዴዋ ነጥብ

ጥቅምት 4 ቀን

ጋሼ፣

ሰላምታዬ ብዙ ነው፤ ወሬዬ ግን ስለሚበልጥ ሰላምታውን እዚሁ ላይ ቆርጬ ወደ ጥያቄህ ልግባ። አዎ፣ አባባ ከስተዋል። ባለፈው "ድምፃቸው ቀጠነብኝ" ያልከኝ እውነትህን ነው። ያኔውኑ በስልክ ያልነገርኩህ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። ዓይናቸው ቢደክምም ጆሯቸው ጎረቤት የሚንሾካሾከውን ሁሉ ይለቅማል፤ ስልኩ ሲጠራ ደግሞ "ድምፁን ልቀቂው፣ ልጄን ልስማው" ነው። እሳቸው ከጎኔ ተቀምጠው "አባባ አጥንታቸው ብቻ ቀርቷል" ልበልህ? ደብዳቤ ይሻላል።

"እንዴት ነው የምታጣሪው?" ላልከው ደግሞ ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ሱቁን ልከፍት ስመጣ አባባን ይዣቸው እመጣለሁ። ቤት ብቻቸውን ከሚውሉ ብላ ባለሱቋ ፈቅዳልኛለች፣ ውለታዋን አልረሳም። ከፍሪጁ አጠገብ የፕላስቲክ ሳጥን ገልብጬ፣ ትራስ አድርጌበት፣ እዚያ ይቀመጣሉ። አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። "ሥጋ የማይበሉት ሥጋ ሻጭ" ነው የሚሏቸው፤ እሳቸውም ይስቃሉ። ሱቁን ጥዬ ምሳ ላበስል አልሄድ፣ እዚህ ደግሞ እሳት የለ። ስለዚህ የሚበሉት ከመደርደሪያው ላይ ነው።

መደርደሪያው ግን ጉድ ነው! ሰው ሥጋ ያለው ሥጋ ቤት ብቻ ይመስለዋል። የሽንኩርት ጣዕም የሚለውን ቺፕስ አነሣሁ፣ ጀርባውን ሳነበው የወተት ዱቄት። ቶሎ የሚደርሰው ፓስታ "የአትክልት" ይላል፣ ካሮት ሁሉ ተሥሎበታል፤ ውስጡ ባለችው የቅመም ከረጢት ላይ በጉንዳን እግር በምታህል ጽሕፈት የዶሮ ስብ። ልጆች የሚሻሙባት የምትለጠጠዋ ከረሜላ የረጋችው ከቆዳና ከአጥንት በሚወጣ ጄላቲን ነው። የቀይዋማ ቀለም ከተፈጨ ተባይ ነው ብዬ ሳነብላቸው አባባ በሳቅ ሊሞቱብኝ ነበር። "ሠላሳ ዓመት ሥጋ ስሸጥ ተባይ ፈጭቶ መሸጥ አልታየኝም፣ ሞኝ ነበርኩ" አሉ።

ጀርባውን አንብቤ ንጹሕ መሆኑን ሳረጋግጥ፣ ዋጋው በተጻፈባት ወረቀት ጥግ ላይ በማርከር አረንጓዴ ነጥብ አደርጋለሁ። ለአባባ ብዬ ነው የጀመርኩት፤ ነጥቧን እያየሁ "ይኼኛው ይሆናል" እላቸዋለሁ። አሁን ግን ሌላውም ሰው በእሷ ይገዛል። ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ፣ ከእንስሳ የመጣ ነገር በአፏ የማታስገባው፣ "ነጥብሽ ካለችበት ጀርባውን አላይም" ትለኛለች። ደስ ይለኛል፤ ያስፈራኛልም።

የአባባን ስለት ከእኔ በላይ አንተ ታውቀዋለህ፣ በአንተ የመጣ ነውና። ያኔ ሆስፒታል ተኝተህ ሐኪሞቹ ፊታቸውን ሲያዞሩብን "ልጄ ከተረፈልኝ፣ እስትንፋስ ያለው ነገርም ከእሱ የሚወጣ ነገርም በአፌ አይገባም" አሉ። አንተ ተነሣህ፤ እሳቸው ቢላዋቸውን ሸጠው ሥጋ ቤቱን ዘጉ። ሰባት ዓመት ሞላው። አንድ ቀን አንድ ሾፌር ሳያውቅ ሻያቸው ላይ ወተት ጠብ ቢያደርግባቸው ብርጭቆውን ከነሻዩ አስረከቡትና ውሃ ጠጥተው ዋሉ። ቀልድ አያውቁም።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። አንተ ፋብሪካ ውስጥ የምታቦካት ብስኩት ማሸጊያዋ ተቀይሮ መጣ። ቢጫ ነበረች፣ ሰማያዊ ሆነች። ጀርባዋ ላይ "የምግብ ስብ" ይላል፤ የምን ስብ እንደሆነ አይልም። ቀጥሎ ኢ 471 ይላል። አባባ ሌላውን ሁሉ እየገፉ እሷን ነው የሚበሉት፣ "የልጄ እጅ ናት" እያሉ። ትናንት ግን አንዷን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ቆዩና "ሚጡ፣ ይህች ነገር የማውቀው ሽታ አላት" አሉኝ። አፈር ስሆን፣ ማቡኪያ ክፍሉ ውስጥ ገብተህ አይተህ ጻፍልኝ። አንተ "ትብላ" ካልክ ትበላለች፣ "ትቅር" ካልክ ትቀራለች።

እህትህ ሚጡ


ጥቅምት 21 ቀን

ሚጡዬ፣

አንቺ ሁልጊዜ በወሬ ትጀምሪያለሽ፣ እኔ ሁልጊዜ በይቅርታ። ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ። ሥራ ነው።

አድራሻዬ ለምን የፀጉር ቤት እንደሆነ በስልክ ደግመሽ ጠይቀሽኛል። ፋብሪካው በር ላይ ደብዳቤ ይጠፋል፣ ዘበኞቹ ግድ የላቸውም። ፀጉር አስተካካዩ ግን የሰው አደራ የሚጠብቅ ነው፤ ደብዳቤሽን መስታወቱ ጥግ ላይ ሰክቶ ይጠብቀኛል። በእሱ በኩል ላኪው።

ስለ ቁጥሮቹ የጠየቅሽኝን ልንገርሽ። ኢ 120 ካየሽ አትጠይቂ፣ ያቺ ተባይዋ ናት፣ ተያት። ኢ 471 ከዘይትም ይሠራል፣ ከስብም ይሠራል፤ የሠራው ሰው ካልነገረሽ ማወቂያ የለውም። "ተፈጥሯዊ ጣዕም" የምትል ቃል ካየሽ አትመኛት፤ በሬም ተፈጥሮ ነው። ዳቦ ላይ ኢ 920 ካየሽ ከላባ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ይህን ለአባባ ንገሪያቸው፣ ትንሽ ይሳቁ።

ስለ ብስኩቷ፣ ማሸጊያው ብቻ ነው የተቀየረው። ይብሉ።

አንቺስ እንዴት ነሽ? ቀኑን ሙሉ መቆም እግርሽን አላሳበጠውም? ባለሱቋ ወንበር ገዛችልሽ? አባባ ስለ ሽታው ሌላ ያሉት ነገር ካለ ጻፊልኝ። ለብርዱ ያሰብሽውን ሹራብ አትላኪልኝ፣ እዚህ ይሞቃል።

ወንድምሽ


ኅዳር 3 ቀን

ጋሼ፣

"ሌላ ምን አሉ?" ላልከው፣ ምንም አላሉም፣ ወይም ብዙ አሉ። ደብዳቤህን ያቺን መስመር ብቻ አነበብኩላቸው። "ማሸጊያው ብቻ ነው የተቀየረው፣ ይብሉ" ብሏል ስላቸው "እንግዲያው አፍንጫዬ አርጅቷል" አሉ። ከዚያ ፓኬቱን ራሳቸው ቀደዱት።

ያን ዕለት ሁለት ፓኬት ጨረሱ፣ በማግስቱም እንደዚያው። ከሾፌሮቹ አንዱ እጁን ሲዘረጋ ሰጡትና "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም የሚሉ ሰዎች የእኔን ልጅ አላዩም፣ የእኔ ልጅ አገር ያበላል" አሉት። ሾፌሩ አፉን ሞልቶ "አይ አባባ፣ የእርስዎ ልጅ ቢያቦካልኝ ሚስት ምን ያደርግልኛል" ብሎ ሱቁን በሳቅ አናጋው። ጉንጫቸው መለስ እያለ ነው። ባለሱቋም "ምን ሰጥተሻቸው ነው?" አለችኝ። ወንድሜ የሚሠራትን አልኳት። ነጥቧን አድምቄ ደግሜ ቀባኋት፤ ልብስ ሰፊዋም ካርቶን ሙሉ ወሰደች።

እሑድ ዕለት ስልክ ላይ "እጅህ ይባረክ" ሲሉህ ድምፅህ ራቀብኝ። ከጀርባህ ደግሞ መኪና ይጮሃል። "የምሳ ሰዓት ነው፣ ውጭ ነኝ" ብለሃል፤ እሺ። ሰውነትህን ጠብቅ። ደግሞ እባክህ ቶሎ ቶሎ ጻፍ፣ የአንተ ደብዳቤ እንደ ማሸጊያ ጀርባ ነው፣ አጭር ሆኖ ብዙ ያስጠይቃል።

ሚጡ


ኅዳር 27 ቀን

ጋሼ፣

ሦስት ሳምንት መልስ ጠብቄ ነበር። ዛሬ ግን ሳልጠብቅ ጻፍኩልህ።

ልብስ ሰፊዋ ከእኔ ባዶ ካርቶን ትወስዳለች። የልብስ ቅድ ታወጣበታለች፤ እጅጌ፣ ኮሌታ፣ የምትፈልገውን ሥላ በመቀስ ትቆርጠዋለች። ዛሬ ጠዋት ሱቁ ሰው ሳይሞላ መጣች። በእጇ አንድ የእጅጌ ቅድ ይዛለች። ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችልኝና "አንብቢው" አለች። የብስኩቷ ካርቶን ነው። በስተታች በኩል፣ እኛ ሁልጊዜ ሳናይ በምናጣጥፈው ክዳኑ ላይ፣ ማሸጊያው ላይ የሌለው ሁሉ ተዘርዝሯል። የስንዴ ዱቄት፣ ስኳር፣ የተጣራ የከብት ስብ።

ሦስቴ አነበብኩት። አባባ ከሳጥናቸው ላይ ሆነው "ማን ናት? ምን አለች?" ይላሉ። ልብስ ሰፊዋ አየቻቸው፣ አየችኝ። "ቅድ ላሳያት ነው የመጣሁት አባባ" ብላ ወጣች። እኔን አንድ ቃል አልተናገረችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር ጋሼ፤ ያን ሁሉ ካርቶን በእኔ ነጥብ ነው የበላችው።

የቀሩትን ፓኬቶች ሰብስቤ መጋዘኑ ውስጥ ከሳሙናው ኋላ ከተትኳቸው። አባባ እጃቸውን ሲዘረጉ "አልቋል፣ ገና አልመጣም" አልኳቸው። ዕድሜ ልኬን እሳቸውን ዋሽቼ አላውቅም፤ ዛሬ ዓይናቸው በማያይበት በኩል ቆሜ ዋሸኋቸው።

ስህተት ነው በለኝ። ካርቶኑ የሌላ ብስኩት ነው በለኝ። አንተ በየቀኑ እጅህን ነክረህ የምታቦካው ሰው፣ ዘይትና ሞራ ይጠፋሃል? ፍጠንልኝ።

ሚጡ


ታኅሣሥ 8 ቀን

ሚጡ፣

ስህተት አይደለም። የከብት ስብ ነው፤ አውቅ ነበር።

ይቺን መስመር ለመጻፍ ስንት ወረቀት እንደቀደድኩ አልነግርሽም። አሁን ከወጣች የቀረው ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም። ቢሆንም ልንገርሽ።

ከፋብሪካው ከወጣሁ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖኛል። አዲስ ማሽን መጣ። አራት አቡኪዎች ነበርን፤ አንድ ሰው ቁልፍ እየተጫነ የአራታችንን ይሠራል ተባለና ሦስታችን ተሰናበትን። አሁን የምሠራው ሲሚንቶ መጋዘን ነው፤ ከጭነት መኪና አወርዳለሁ፣ ጭነት መኪና ላይ እጭናለሁ። በስልክ የሰማሽው ጩኸት እሱ ነው። ፀጉር አስተካካዩ አከራዬ ነው፣ የምኖረው ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። ስለ ዘበኞቹ የጻፍኩልሽ ሁሉ ውሸት ነው።

የተሰናበትኩ ዕለት ልነግራችሁ ደውዬ ነበር። ገና ሃሎ ሳልል አባባ "ዛሬ ለአንድ መንገደኛ የልጄን ብስኩት ጋበዝኩት፣ ቆሞ መረቀህ" አሉኝ። ነገ እነግራቸዋለሁ ብዬ ዘጋሁት። በነገውም ነገ አልኩ። እንዲህ እያልኩ ዓመት ሞላኝ። የማይነጋ መስሏት ይባል የለ፣ እኔም እንደዚያ ሆንኩ።

ስለ ስቡ የሰማሁት ሐምሌ ላይ ነው። ሚዛኑ የምንለው ጓደኛችን አለ፣ ፋብሪካው ውስጥ ዱቄትና ዘይት የሚመዝነው፤ ፀጉሩን ሊቆረጥ መጥቶ አገኘሁት። "የዘይቱ በርሜል ቀረ፣ አሁን የሚመጣልን በነጭ ባልዲ የረጋ የከብት ስብ ነው፤ ቤት ስገባ ሚስቴ ሥጋ ቤት ዋልክ ወይ ትለኛለች" እያለ ያስቀኛል። ሳቅኩለት። አባባ ትዝ አሉኝ፣ ግን ሳቅኩለት። ሐምሌን፣ ነሐሴን፣ መስከረምን ዝም አልኩ። ምናልባት ሌላ ብስኩት ለምደው ይሆናል እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

ከዚያ የአንቺ ደብዳቤ መጣ። አፈር ስሆን ማቡኪያ ክፍሉ ውስጥ ገብተህ እይልኝ ይላል። በየትኛው እግሬ ልግባ? በሩ ላይ ስሜ የለም። "ተያት" ብዬ ብጽፍልሽ ምን ገባባት፣ አንተ እያለህ እንዴት ተቀየረች ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ያቺን መስመር ጻፍኩ። አባባን አፍንጫቸውን ያስካድኳቸው እኔ ነኝ። እጅህ ይባረክ ሲሉኝ ደግሞ አሜን አልኩ፣ ሚጡ። እጄ ላይ የነበረው ሲሚንቶ ነው፤ ግን አሜን አልኩ።

እኔ እንድተርፍ የተሳሉትን ስለት እኔው ተርፌ አፈረስኩባቸው። ይህን ይዤ እንዴት እንደምውል አትጠይቂኝ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። አትንገሪያቸው። ሰባት ዓመት የጠበቁትን ሳያውቁ ነው የተላለፉት፤ ካላወቁ ልባቸው አይሰበርም። ብስኩቷ ቀረች፣ ፋብሪካው ማምረት ትቷታል በያቸው፤ ነገሩ በእኔና በአንቺ መካከል ይቀበር። ዕዳው የእኔ ይሁን። ተቆጥተሽብኛል?

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 14 ቀን

አዎ፣ ተቆጥቻለሁ።

ሥራ በማጣትህ አይደለም፣ ሞኝ አትሁን። ሥራ የሚያጣ አንተ የመጀመሪያው ነህ? እኔን ምስክር አድርገህ ስለዋሸህ ነው። አባባ በአፍንጫቸው አውቀውት ነበር፤ "ጋሼ ብሏል" ብዬ አፋቸው ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። አንተ ወረቀት ላይ ነው የጻፍከው፤ እኔ በእጄ አጎረስኩ።

"አትንገሪያቸው" ያልከውን ሞክሬው ነበር። ማምረት ትተዋታል አልኳቸው። ምን እንዳሉ ታውቃለህ? ሳጥናቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡና "ታዲያ ልጄ ሥራ ፈታ ማለት ነው?" አሉኝ። አይ፣ ሌላ ብስኩት ያቦካል አልኳቸው። "ስሟ ማን ነው? አምጪልኝ" አሉ፤ እኛ ሱቅ ገና አልደረሰችም አልኳቸው። አየህ፣ አንዱ ውሸት ሌላውን እየጎተተ መጣ፤ በአንድ ቀን ሦስት ዋሸሁ። ከዚያ ወዲህ የሚሰጣቸውን ሁሉ ቀመስ አድርገው ይመልሳሉ። ጉንጫቸው ወርዷል። ልባቸው አይሰበርም ትለኛለህ፤ ልጄ ሥራ ፈታ እያሉ በዝምታ እያለቁ ነው።

ልብስ ሰፊዋ ሱቃችን መምጣት አልተወችም። ሰላም ትለኛለች፣ ትስቃለች። ግን አሁን የምታነሣውን ሁሉ ገልብጣ፣ መነጽሯን አውርዳ፣ ጀርባውን ራሷ ታነባለች። እኔ እያየኋት ነው የምታነበው። ነጥቦቹን ሁሉ በአልኮል ጠርጌ አጥፍቻቸዋለሁ። ደንበኛ "ምነው ነጥቦቹ?" ሲለኝ "እንደገና እያጣራሁ ነው" እላለሁ፤ ካርቶን ሳይቀር እየገለበጥኩ።

አባባ ሕፃን አይደሉም። ስለቱ የእሳቸው ነው፤ ምን እንደደረሰበት ማወቅ መብታቸው ነው። እኔ አልነግራቸውም፣ የአንተን ጉድ በእኔ አፍ አላወራም። አንተ ጻፍላቸው። እኔ አነብላቸዋለሁ። አንዲት ቃል አልዘልልህም፣ አንዲት ቃልም አላለዝብልህም።

ሚጡ


ታኅሣሥ 26 ቀን

ለአባቴ፣

ይህን ሚጡ እያነበበችልዎት ነው። እባክዎ እሷን አይቆጧት፤ ያደረገችው ሁሉ እኔን አምና ነው።

አባባ፣ ሰማያዊዋ ብስኩት የከብት ስብ አለባት። አፍንጫዎ አላረጀም። ሚጡ ስትጠይቀኝ የለባትም ያልኩት ዋሽቼ ነው። ሐምሌ ላይ ሰምቼ ነበር፤ ይኸው እስከ ዛሬ ዝም አልኩ።

የዋሸሁት ፋብሪካው ውስጥ ስለሌለሁ ነው። ከወጣሁ ዓመት አለፈኝ። ሲሚንቶ እሸከማለሁ። ልጄ ያቦካው እያሉ ለሰው ሲያካፍሉ የእኔ እጅ አልነበረበትም። ይህን ልነግርዎት አፈርኩ፤ እፍረቴን ለመሸፈን ስለትዎን ሰጠሁ።

ለእኔ ብለው ከአፍዎ የከለከሉትን በእኔ ምክንያት በሉት። ይቅር ይበሉኝ ለማለት አፍ የለኝም። ቢሆንም እላለሁ። ይቅር ይበሉኝ።

ልጅዎ


ጥር 6 ቀን

ጋሼ፣

"ይቅር አሉኝ ወይ?" ብለህ በፀጉር አስተካካዩ ስልክ የላክህልኝን መልእክት አይቻለሁ። በአጭሩ ልመልስልህ ብዬ ነበር፤ አጭር መልስ የለውም። የሆነውን እንደሆነ ልንገርህ።

እሑድ ጠዋት ቤት ውስጥ አነበብኩላቸው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ። የከብት ስብ የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ። አቆምኩ። ግድግዳውን እየዳሰሱ ወደ መታጠቢያው ሄዱና አፋቸውን ተጉመጠመጡ። ደጋግመው፣ ደጋግመው ተጉመጠመጡ። ተመልሰው ተቀመጡና "ቀጥዪ" አሉኝ። እስከ መጨረሻው ሰሙ። ያን ቀን ሳህን ባጠብኩ ቁጥር የሳህኑ ድምፅ ያሳፍረኝ ነበር።

ሰኞ ከእኔ ጋር ሱቅ ዋሉ፤ ከሙዝ በቀር አልበሉም። ማክሰኞ ልብስ ሰፊዋ መጥታ ስትሄድ ጠሩኝ። "ሚጡ፣ ያቺ ልጅ በእኔ ምክንያት ነው የበላችው አይደል?" አሉኝ። በእኔ ነው አባባ፣ ነጥቧን ያደረግኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ሠላሳ ዓመት ሞራ ቆርጬአለሁ" አሉ። "ሰው በጨለማ ሞራ ቢያስይዘኝ የቱ የበሬ፣ የቱ የላም እንደሆነ እነግረዋለሁ። ያቺን ብስኩት ገና ሳሸታት አውቄያለሁ። 'ልጄ ብሏል' የሚል ነገር ስትሰጪኝ ደስ አለኝ። ለምን መሰለሽ? ጣፍጣኛለች። ሰባት ዓመት ናፍቆኝ የነበረ ነገር ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ፤ እኔም ሆዴ እያወቀ ሁለት ሁለት ፓኬት እጨርስ ነበር። እሱ ዋሸ፣ አንቺ አመንሽ፣ እኔ በላሁ። የእኔ ይብሳል።"

ጋሼ፣ እኔ አባባን ሲያፍሩ አይቼ አላውቅም። ያን ቀን አየሁ። አይደለም አባባ፣ እኛ ነን ያሳሳትንዎት ብል አልሰሙኝም። ስለቱን ከዛሬ ጀምሮ ሀ ብለው እንደሚጀምሩት ነገሩኝ። ሰባቱ ዓመትስ ስላቸው "ሄዷል፤ የሄደ ነገር አይመለስም" አሉ። ከልብስ ሰፊዋ ጋርም ይቅር ተባብለዋል። በእጄ ይዣቸው ማዶ ተሻግረን ሱቋ ድረስ ሄድን፤ እኔ ልናገር ስል ከለከሉኝና ራሳቸው ተናገሩ። እሷ አለቀሰች። አሁንም ግን ጀርባውን ራሷ ታነባለች፤ ታንብብ።

ስለ አንተ ጠየቅኳቸው። "አባባ፣ ይቅር ብለውታል? መልስ እየጠበቀ ነው" አልኳቸው። "ያቺን የሲሚንቶዋን ቦታ ደግመሽ አንብቢልኝ" አሉ። አነበብኩላቸው። "ስንት ጊዜ ሆነኝ ነው ያለው?" ዓመት አለፈኝ ብሏል አልኳቸው።

"ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ምን እየበላ ነው?" አሉ።

"አንቺ እኮ ነሽ ሰው የሚበላውን የምታጣሪው" አሉኝ። ሊቆጡኝ ብለው አይደለም የተናገሩት፤ የማውቅ መስሏቸው ነው። እኔ አላውቅም ጋሼ። ስንት ደብዳቤ ጽፌልሃለሁ! የቺፕሱን፣ የከረሜላውን፣ የዳቦውን ጀርባ አንድ በአንድ ገልብጬ ጽፌልሃለሁ። ሹራብ አትላኪልኝ ስትለኝ እሺ አልኩ፣ ይሞቃል ስትለኝ አመንኩ። አንድ ቀን እንኳ "አንተስ ምን ትበላለህ?" ብዬ አልጠየቅኩህም። ስቆጣህ እንኳ አልጠየቅኩህም።

አባባ ሳጥናቸው ላይ ሆነው መልስህን እየጠበቁ ነው፤ ደብዳቤ የሚያመጣው ሰው ባለፈ ቁጥር አንገታቸው ይዞራል። ይቅር ብለውህ ይሁን አይሁን እኔ አልነግርህም፣ ራስህ ፍረደው። መጥተህ ብትነግራቸው ደስ ይለኛል፤ እስከዚያው ግን ጻፍ። ውሸት እንዳታክልበት። ዛሬ ምን በላህ?

ሚጡ